ስለ አንድ የተዘጋ ሱቅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ መንገዱ በሰፊው ደጋ ላይ ይዘረጋል፤ በግራና በቀኝ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በየመንደሩ ዳርቻ ባሕር ዛፍ፣ ማልዶ ለሚጓዝ ደግሞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መኪና የሚጠብቅ ሰው ይታያል። በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዲቱ ውስጥ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ስሟን አልጽፍም። ነገሩ የሰው ስም የሚያስነሣ ነው፤ ደግሞም በዚያ መንገድ የተመላለሰ አንባቢ እርሷን የሚመስሉ ሦስት አራት ከተሞች ስለሚያውቅ ስሟ ቢቀር የሚጐድልበት ነገር የለም።

በከተማዪቱ እምብርት፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ አለ። ግድግዳው ከወገብ በታች የጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ ነው። ክዳኑ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ሁለት በሮች አሉት፤ በሁለቱም ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከበሮቹ በላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ የነበረውን ጽሑፍ ዝናብ ስላጠበው «የአገልግሎት ኅብረት» ከሚሉት ሁለት ቃላት በቀር የሚነበብ ፊደል አልቀረውም። በፊት ለፊቱ ጣራው ወጣ ብሎ በአራት የጽድ ምሰሶዎች ላይ ያረፈ በረንዳ አለው። አንባቢዬ ይህን በረንዳ ልብ ይበልልኝ፤ እኔ ልብ ሳልለው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊቱ ተመላልሻለሁና።

እንዲህ ያለ ሱቅ የዚያች ከተማ ብቻ ሀብት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ በርከት ያሉ የገበሬ ማኅበራት ተባብረው አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያቋቁሙበት መንገድ ተከፈተ። ከማኅበሩ ሥራዎች አንዱና ለዓይን የሚታየው ሱቅ ነበር። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪትና አቡጀዲ በተወሰነ ዋጋ ለአባላቱ ይሸጥበታል። ስኳር እንደ መድኃኒት ተመጥኖ በሚታደልበት በዚያ ዘመን የሱቁን ቁልፍ የያዘ ሰው በመንደሩ ውስጥ ምን ያህል የተከበረ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

ሱቁ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስረክብ የሚታዘዘው እህል የሚሰበሰበው በዚሁ ማኅበር በኩል ነበር። የኮታው ዋጋ ደግሞ ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበረ። ስለዚህ በአንዱ በር ጨው ሲወጣ በሌላው በር ገብስ ይገባል፤ ሚዛኑ አንድ ነው፤ ሚዛኑን የሚያየው ሰው ዓይን ግን እንደ ቀኑ ይለያያል። መጋቢት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው መመሪያ ሲለወጥ ኮታው ቀረ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሥርዐቱ ራሱ ወደቀ። በየገጠሩ ብዙዎቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ ሱቆቻቸውም ከፊሉ ተዘረፈ፣ ከፊሉ ተዘጋ፣ ከፊሉ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀረ።

የእኛው ሱቅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ማየቱን ሽማግሌዎች አጫውተውኛል። አንድ ጊዜ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። አንድ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ተከማችቶበታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲዘልቅ፣ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ተፈናቅለው ከመጡት ሰዎች ጥቂቶቹ ጓጉንቸሩ ተሰብሮላቸው እዚያ አድረዋል። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። እኔ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሥራዬን ልጀምር ከጎንደር ስመጣ ከአውቶቡስ የወረድኩት በዚያ የተዘጋ በር ፊት ነው።

የከተማ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ስለዚህ ያንን ሱቅ ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝ ንዴት ነበር። ይህን የመሰለ ማዕዘን፣ ይህን የመሰለ ቦታ፣ እንዴት ባዶውን ይቀመጣል? እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ አማርር ነበር። ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል መሰለኝ።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የከተማው ነዋሪ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲሰበሰብ ተጠራ። ጉዳዩ የከተማዪቱ ማዕከል እንዴት ይታደስ የሚል ነበር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ስለሚል፣ አንድ ወጣት የፕላን ባለሙያ ካርታውን ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። ካርታው በልዩ ልዩ ቀለም ያማረ ነበረ። የተዘጋው ሱቅ በካርታው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ካሬ ሆኖ «ለንግድና ለቅይጥ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ተጽፎበታል።

መጀመሪያ የተናገረው በከተማዪቱ የታወቀ ነጋዴ ነው። ቦታው በሊዝ ጨረታ ቢወጣ እርሱም እንደሚወዳደር፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቶ ታችኛውን ሱቆች፣ ላይኛውን የመኝታ ክፍሎች ሊያደርገው እንደሚያስብ ገለጸ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው ቱሪስት ሁሉ ከተማችንን በመስኮት አይቷት ያልፋል፤ ሻይ እንኳ አይጠጣባትም አለ። እውነቱን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ሳለ፣ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ በመንገዱ ላይ ላሉት ትንንሽ ከተሞች የሚያንጠባጥበው ጥቂት ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ሐሳቡን እንደ ወደደው ከሊቀ መንበሩ ፊት ይነበብ ነበር። የሚፈረድበት አይደለም፤ የውሃ ቧንቧ ለመጠገን ገንዘብ የሚያጣ ማዘጋጃ ቤት የሊዝ ገንዘብ ሲባል ጆሮውን ቢያቆም ምን ይገርማል?

ቀጥሎ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥራ የሚሠራው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢ ተነሣ። ሱቁ የተሠራው በአባቶቻችን መዋጮና ጉልበት ነው፤ ድንጋዩን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ ለማኅበሩ ይመለስና ዘይትና ስኳር በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጥበት አለ። ይህን ሲናገር ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉና፣ «ድንጋዩን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። ሰብሳቢው ደስ ብሎት እጁን ወደ እርሳቸው ዘረጋ። ሽማግሌው ግን ቀጠሉ፤ «ድንጋዩን በሸክም ወሰድኩ፤ ገብሴንም በሸክም ወሰድኩ። ገብሴ ኮታ ሳይሞላ ቀርቶ ከጎረቤት በውድ ገዝቼ በርካሽ ያስረከብኩት እዚያ በር ላይ ነው። ያ በር በማኅበር ስም ሲከፈት እንዳላይ እለምናችኋለሁ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላ እንዳሻችሁ አድርጉት።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ያልተወለድነው ብዙዎች ነበርን።

በዚያ ጸጥታ መካከል እጄን አወጣሁ። ንግግሬን ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቼበት ነበር። ሱቁ ቤተ መጻሕፍት ይሁን አልኩ። እንዲህም ስል ተረኩ፦ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የፋብሪካ ከተማ 28 ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሠራተኞች 28 ፓውንድ አዋጥተው፣ ቅቤና ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ የሚሸጥበት አንድ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ እነርሱን እንደ አባት ይቈጥራል፤ እነዚያ ሰዎች ታዲያ ብዙ ሳይቈዩ ከሱቁ ትርፍ ቀንሰው ለአባሎቻቸው ጋዜጣና መጽሐፍ የሚነበብበት ክፍል አዘጋጁ፤ ሆዱን ያጠገበ ማኅበር አእምሮውን ካልመገበ ምን ይጠቅማል? እያልኩ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። የፕላኑ ባለሙያ እንኳ በማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ተቀመጥኩ፤ ከኀፍረትም ከደስታም የተነሣ ጆሮዬ ይግል ነበር።

ሰብሳቢው ሊዘጋው ሲል አንዲት ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴትዮ ተነሡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ በየቅዳሜው የማያቸው፣ ስማቸውን ግን ጠይቄ የማላውቅ ሴት ናቸው።

«መምህር ያለው መልካም ነው» አሉ። «ጌቶችም ያሉት መልካም ነው። እኔ ስለ ቤቱ አላውቅም፤ በሩ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ በረንዳው ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ «እትዬ፣ በረንዳውማ የቤቱ አካል አይደለም እንዴ? ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳላ» አላቸው።

«እሱን ነው የምጠይቀው። ዝናብ ሲመጣ የት እንሁን? ከላይ ከደጋው ሌሊት ተነሥታ የመጣች አራስ የት ትረፍ? በቃሬዛ የመጣ ሰው መኪና እስቲገኝ የት ይውረድ? ባለፈው ክረምት የወንድሜን ሚስት ምጥ ይዟት ያሳረፍናት እዚያ ነው። ቤቱን ለፈለጋችሁት ስጡት። በረንዳውን ግን ለማን ነው የምትሰጡት?»

ሰብሳቢው ወደ ባለሙያው አየ፤ ባለሙያው ወደ ካርታው አየ። በካርታው ላይ በረንዳ አልነበረም። ካሬው የተሣለው በግድግዳው ልክ ነበርና። ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ማታ ክፍሌ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ሮችዴል ሸማኔዎች ያንን ሁሉ ያወቅሁ ሰው፣ መስኮቴን ብከፍት የሚታየኝን በረንዳ አላየሁም። ያላየሁትም ዓይን ስላልነበረኝ አይደለም፤ «ባዶ» የሚለውን ቃል አስቀድሜ ስለ ለጠፍኩበት ነው። በሩ ተዘግቷል፣ ስለዚህ ባዶ ነው፤ ባዶ ነው፣ ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ይጠብቃል። ነጋዴውም፣ ሰብሳቢውም፣ እኔም በሌላው ሁሉ ስንለያይ በዚህ አንድ ነበርን።

በማግሥቱ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ በየተራ በበረንዳው አጠገብ ተቀምጠው ማን መጣ፣ ምን ሊያደርግ መጣ፣ ምን ያህል ቈየ የሚለውን በደብተር እንዲጽፉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ተቀመጥኩ። የካቲት በደጋ ጠዋቱ ቁር፣ ቀትሩ ፀሐይ ነው። ንጋት ላይ በረንዳውን የያዙት ጎንደር የሚወርዱ መንገደኞች ናቸው። ቀጥለው ከላይ መንደሮች ባቄላና ድንች ተሸክመው የመጡ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው፣ ትከሻቸውን አሻሽተው፣ ጫማቸውን ከከረጢት አውጥተው አደረጉ፤ ለገበያ የምትሆነውን ጫማ በመንገድ ላይ አይጨርሷትምና። ከዚያ ጉልቱ ተዘረጋ። አንድ ሰውዬ የታሰረ በግ ይዞ ጥላው እስኪያልፍ ተቀመጠ። ሁለት ባላጋራዎች ከሽማግሎቻቸው ጋር መጥተው ስለ ድንበር ተጨቃጭቀው፣ አንድ ነገር ተስማምተው ሄዱ። አንድ እብድ መጥቶ ሰበከን። ወደ ከሰዓት በኋላ ደመና መጣና ካፊያ ሲጀምር፣ በረንዳው ሰው ከብት ሳይል ሞላ፤ እኛም ደብተራችንን በብብታችን ደብቀን እንደ ሌላው ሰው ተጨናንቀን ቆምን።

ማታ ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳነብ አንድ ልጅ የጻፈው ከሌሎቹ አጠር ያለ ሆኖ አገኘሁት። ጎበዝ ተማሪ ስለ ሆነ ገረመኝ። ሰኞ ዕለት ለምን እንዳሳጠረ ጠየቅሁት። በየሳምንቱ እናቱ ከሩቅ መንደር በእግሯ መጥታ የሳምንት ስንቁን፣ እንጀራውንና በሶውን የምትሰጠው በዚያ በረንዳ ላይ ነው። የዚያን ቅዳሜም መጥታ፣ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ዳቦ አጉርሳው፣ ስለ ላሚቱና ስለ ታናሽ እኅቱ አውርታው ሄዳለች። በደብተሩ ግን አልጻፋትም።

«እሷም ትቈጠራለች እንዴ፣ መምህር?» አለኝ።

አንባቢዬ ምናልባት እንደ እኔ በአንዱ ወረዳ የተመደብክ መምህር ወይም በአንዱ ጽሕፈት ቤት ገና ጠረጴዛ የተሰጠህ ሠራተኛ ትሆናለህ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ እንዲህ ክፍል ተከራይቶ፣ በእናቱ ትከሻ በሚመጣ ስንቅ እንደሚማር ታውቃለህ። ምናልባት አንተም ራስህ እንዲያ ሆነህ ተምረሃል። እነዚያ ልጆች ከእናታቸው ጋር የሚገናኙበት ቦታ በየትኛው ካርታ ላይ ነው ያለው? ቢሮ አይደለም፤ ቤት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይደለም።

ዕረፍት አግኝቼ ጎንደር ስወርድ ከተማዬን በሌላ ዓይን አየኋት። ፒያሳን የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል አርኪቴክት ያወጣው ፕላን ጎንደርን የጣልያን አማራ ግዛት ዋና ከተማ ለማድረግ የታሰበ፣ ገዥውን ከተገዥው የሚለይ ፕላን ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጣልያን ጦር በጎንደር እጁን ሲሰጥ ሕንጻዎቹ ቆመው ቀሩ። ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ ሱቆቹም ለታሰበላቸው ሰው ሳይሆን ለሌላ ሰው ደረሱ። ዝናብ ሲመጣ በፒያሳ ሕንጻዎች ጥግ ሊስትሮው፣ ሎተሪ ሻጩና ባለ ሥልጣኑ ተጠጋግተው ሲቆሙ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቦሲዮ ይህንን አላሰበውም፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

ከፋሲል ግቢ በታች ደግሞ የጃንተከል ዋርካ አለ። ዋርካው ፎቅ አይደለም፤ ሊዝ አይከፈልበትም፤ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዝነኞቹ ግንቦቹ ናቸው። ሆኖም ጎንደሬ «ጃንተከል» ሲል አንድ ዛፍ ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ማለቱ ነው። ዋርካው ዕድለኛ ነው፤ ግንዱ ስለ ወፈረ ባዶ ቦታ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም። የእኛ በረንዳ አራት የጽድ ምሰሶ ብቻ ነው ያለው።

በ2017 ዓ.ም. በጎንደር የኮሪደር ልማትና የፋሲል ግንብ ጥገና ሲካሄድ ይህ ሁሉ እንደ ገና ትዝ ብሎኛል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን አልክድም። ግን መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጥ የነበረችው ሴት ዛሬ የት ነው የምትቀመጠው ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። ጓደኞቼ አንዳንዴ ይስቁብኛል፤ «የበረንዳው ጠበቃ» ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለተኛው ስብሰባ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የተማሪዎቼን ደብተሮች በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምንም አልተናገርኩም፤ ከደብተሮቹ ላይ እያነበብኩ ማን በበረንዳው እንደሚጠቀም ብቻ አሰማሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ መሠረት ነዋሪዎች ለመንደራቸው የሚጠቅም ሱቅ ወይም ቤት እንዲመዘገብላቸው መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግም ገንዘብ አዋጥተው ለመግዛት እንዲሰናዱ ስድስት ወር ያህል ጊዜ እንደሚያገኙ አንብቤ ነበር። ይህንን ልጨምር አሰብኩና ተውኩት። የሮችዴሉ ንግግሬ በቂዬ ነበር።

የገረመኝ ነጋዴው ነው። እርሱን እንደ ጠላት ቈጥሬ ነበርና። ተነሥቶ፣ «እኔም እናቴ ስንቅ ያመጣችልኝ እዚያው ነው» አለ። ቀጥሎም እንደ ነጋዴ ተናገረ። በረንዳ ልተው ብል ከቦታው ላይ ስንት ሜትር እንደሚቀነስብኝ አስቡ፤ ለቀነሳችሁብኝ ሜትር ሊዝ ልክፈል ወይስ አልክፈል? ሌሊት ሰካራም ቢተኛበት የሚጠብቀው ማን ነው? ሽንት ቢሸናበት የሚያጥበው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ካላችሁ እኔ በረንዳውን ከቀድሞው አስፍቼ እሠራዋለሁ፤ መልስ ከሌላችሁ ግን ጥሩ ሰው ሁን ብላችሁ አትለምኑኝ፤ ጥሩ ሰው ሲሞት ልጁ በረንዳውን ያጥረዋል አለ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር ይህ የመጨረሻው ቃል ነው በልቤ የቀረው። ሁላችን ስለ ቸርነት ስናወራ እርሱ ስለ ውል ተናገረ። በረንዳው እስከዚያ ቀን የኖረው በማንም ፈቃድ አይደለም፤ ሁሉም ስለ ረሳው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሊረሳ አይችልም፤ ወይ ይጻፋል ወይ ይጠፋል። ኮታ ያስረከቡት ሽማግሌ እንኳ፣ «ይጻፍ» አሉ፤ «በቃል የተሰጠንን ሁሉ በቃል ወስደውብናል።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፤ ቦታው በጨረታ ቢወጣ በአደባባዩ በኩል ያለው አራት ሜትር ስፋት ከሊዙ ውጭ ሆኖ ጣራ ያለው የሕዝብ ማረፊያ እንዲሆን፣ ጽዳቱን ማዘጋጃ ቤቱ እንዲይዝ፣ ባለሙያውም በካርታው ላይ እንዲያወርደው። ባለሙያው እዚያው ቆሞ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ ከካሬዋ ፊት አንዲት ቀጭን መስመር ሣለ። ሴትዮዋ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ቀረቡና መስመሯን በጣታቸው እየነኩ፣ «ይችው ናት?» አሉ። «ይችው ናት እትዬ» አላቸው። «ቀጠነች» አሉ።

ጨረታው አልወጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልሉ ግጭት ተነሣ፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ፤ እኔም ወደ ጎንደር ተመለስኩ። የፕላኑ ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን ሰማሁ። ቃለ ጉባኤው በየትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አልጠየቅሁም፤ ግልባጩ ግን በእጄ አለ። ሊቀ መንበሩ ሳያየኝ በስልኬ ያነሣሁት ፎቶግራፍ ነው፤ አራት ሜትር የሚለው መስመር ይነበባል።

መንገዱ በተከፈተ ጊዜ በአንድ ቅዳሜ ወደ ደባርቅ ሳልፍ መኪናችን ከሱቁ ፊት ቆመች። ጓጉንቸሩ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱ ተሰብሮ ኖሮ በምትኩ የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞለታል፤ ማን እንዳቆመው አላወቅሁም። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወርጄ ሰላም አልኳቸው። ስለ እናቴ፣ ስለ ጤናዬ፣ ሚስት ስለ ማግባቴ በየተራ ጠየቁኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያች ቀጭን መስመርስ፣ መምህር?» አሉኝ።

«ገና ናት እትዬ» አልኩ።

ከአጠገባቸው የነበረውን ከረጢት ወደ ጎን ገፋ አደረጉልኝ። «እንግዲያማ ቁጭ በል፤ ሹፌሩ እንደሆነ ቁርሱን ሳይበላ አይነሣም» አሉኝ።